ደባሉ መስመር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልክ ሲጠራ ቶሎ አላነሣም። ልጄ ሕይወት በዚህ ትስቅብኛለች። «ዕድሜህን ሙሉ የሰው ስልክ ስትጠግን ኖረህ የራስህን ትፈራለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ እፈራለሁ። አንሥቼም ቢሆን «ሄሎ» ከማለቴ በፊት ትንሽ አዳምጣለሁ። ከደወለው ሰው ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ይኖር እንደሆነ ነው የማዳምጠው። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ አውቃለሁ። ጆሮዬ ግን አያውቅም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝም እሷው ናት። ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ቤቴ ድረስ መጥታ ኮምፒዩተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የምትሠራበት ድርጅት እዚህም አንኮበርም ቢሮ አለው። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ሥዕል የለበትም፣ ፊደል ብቻ ነው የሚወርድበት። ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ነው አለችኝ።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?» አልኳት።

«ሁለቱን ቢሮዎች የሚያገናኝ መስመር። ታነል ይባላል።»

«ሽቦው የታለ?»

«ሽቦማ የለውም አባዬ። ሁለቱም ቢሮዎች ኢንተርኔት አላቸው አይደል? በዚያ ሁሉ ሰው በሚሄድበት መንገድ ውስጥ የእኛን መንገድ አስገባለሁ። መጀመሪያ ስም አወጣለታለሁ። ከዚያ በየትኛው መስመር ላይ ተጭኖ እንደሚሄድ እነግረዋለሁ። ለዚህኛው ጫፍ አድራሻ እሰጣለሁ፣ ለዚያኛውም እንደዚሁ። በመጨረሻ ተነሥ እለዋለሁ፣ ይነሣል።»

«ለዚያኛው ጫፍ ማን ይነግረዋል?»

«አንኮበር ያለው ባልደረባዬ። የእኔን ገልብጦ ነው የሚጽፈው፤ ለእኔ ቅርብ የሆነው ለእሱ ሩቅ ነው። ከተሳሳትን ሁለታችንም ጋ የተነሣ ይመስላል፣ ግን ምንም አያልፍም።» ቀጥላም በአንድ ጊዜ የሚልከውን መጠን ትንሽ ዝቅ ማድረግ እንዳለባት ነገረችኝ። በሌላው ውስጥ ታሽጎ ስለሚሄድ ሙሉ ቦታ አያገኝም አለች።

ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። የራሱ ሽቦ የሌለው፣ በሰው ሽቦ ላይ የሚሄድ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እኩል ካልተዘጋጁ የማይሠራ መስመር ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በደርግ ዘመን ሠርተናል። ነገርኳት፤ አላመነችኝም። እንግዲህ በጽሑፍ ታምነኝ እንደሆነ ልሞክር።

የተወለድኩት ጫጫ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት በአዲስ አበባ መንገድ ዳር የስልክ እንጨቶች ተደርድረው ነበርና ነፋስ ሲመጣ ሽቦው ሲያፏጭ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን በመስመር ሠራተኝነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለአንድ ወንደላጤ የሚበቃ ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ስለ እሱ የሚባል የለም። መጀመሪያ አረርቲ መደቡኝ። አለቃዬ እንጨት ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን ከታች ሆኖ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያለ የሚጮህ ሰው ነበር። ቆላው አልተስማማኝም፤ ወባው ሁለቴ ጣለኝ። ለምኜ ወደ ብርዱ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወርኩ። ጋሽ ደምሴን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ጋሽ ደምሴ የአንኮበር ከተማ፣ የጎረቤላ ሰው ነው። ሚስቱና አንድ ልጁ ታደለ እዚያው አንኮበር ይኖራሉ፤ እሱ በሥራ ምክንያት ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ በወር አንድ ሁለቴ ይመላለሳል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ካፖርቱ ላይ የመንዝ የበግ ጠጉር ባና የሚደርብ ሰው ነበር። ከእሱ የተማርኩትን ሁሉ ብጽፍ አያልቅም። ሁለት ሽቦ ሲያገናኝ መጀመሪያ በቢላ ጀርባ ይፍቃል፣ ጫፍ ለጫፍ ይጠመጥማል፣ ከዚያ ሰውነቱን ሙሉ አሳርፎ ይስባል። ሁለተኛ ይስባል። «አንደኛው ለእኔ፣ ሁለተኛው ለነፋሱ» ይል ነበር። ጥገና ከጨረሰ በኋላም ወዲያው አያወራበትም። ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የመስመሩን ዝምታ ያዳምጣል። ዝም ካለ ደኅና ነው።

መስመር ሲፈተሽም የራሱ ልማድ ነበረው። ሌላው ሁሉ አንድ ሁለት ሦስት ነው የሚለው። እሱ የቦታ ስም ይጠራል፤ «ጫጫ። ደብረ ብርሃን። ጎረቤላ። አልዩ አምባ።» በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው እያንዳንዱን ደግሞ «ተሰማ» ይላል። የ«ጫ»ም የ«በ»ም የ«ረ»ም ድምፅ ጠርቶ ከተሰማ መስመሩ የማያሳልፈው ፊደል የለም ብሎ ያምናል። አንድ ነገር ግን አጥብቆ ይከለክላል። በመስመር ላይ የሰው ስም አይጠራም። ያን ጊዜ የሰው ስም በስልክ መጥራት ሰውየውን መጠቆም ሊሆን ይችል ነበር። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይለኝ ነበር፤ የእኛ መስመር ደግሞ እውነትም አፋፍ ላይ ነው የሚሄደው።

ወደ አንኮበር የሚሄደው አራት ሽቦ ነበር፤ ሁለት ጥንድ። አንደኛው ጥንድ የሕዝብ ስልክ ነው፤ ጎረቤላ ያለችው ኦፕሬተር እቴነሽ ናት የምታገናኘው። ሁለተኛው ለመስተዳድር ጽሕፈት ቤቱ ነው። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ አንድ ስሙን የማልጠራው ቢሮ የራሱን ብቻ መስመር ፈለገ። አዲስ ሽቦ ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ ደባሉን እንድንሠራ ታዘዝን።

በመጽሐፉ ሌላ ስም አለው፤ ደባል ያልነው እኛ ነን፤ የራሱ ቤት የለውማ። በየጫፉ የመዳብ ጥቅል ያለባቸው ሣጥኖች ይቀመጣሉ። ሦስተኛው ንግግር በጥቅሉ መካከል ይገባና በአንደኛው ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ላይ እኩል ተከፍሎ ይሄዳል፣ በሁለተኛው ጥንድ ላይ እኩል ተከፍሎ ይመለሳል። እኩል እስከሆነ ድረስ ባለቤቶቹ ደባል እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። እኩልነቱ ከተዛባ ግን የደባሉ ንግግር ወደ ባለቤቶቹ ጆሮ ይንጠባጠባል። ለዚህ ሲባል በተመረጡ እንጨቶች ላይ የጥንዱ ሽቦዎች ተጠላልፈው ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ግራ የነበረው ወደ ቀኝ፣ ቀኝ የነበረው ወደ ግራ። መሻገሪያ እንጨት እንለዋለን። አንደኛው ሽቦ ከጎረቤቱ የለቀመውን ድምፅ ሌላኛው በተራው እኩል ይለቅመዋል፤ ሁለቱም እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ለማያውቅ ሰው ግን የተሳሳተ ሥራ ነው የሚመስለው።

ጋሽ ደምሴ ደብረ ብርሃን፣ እኔ ጎረቤላ ሆነን ሣጥኖቹን አስገባን። ፈተሽነው። ጫጫ ተሰማ፣ አልዩ አምባ ተሰማ። እቴነሽ በሕዝቡ መስመር ላይ ጆሮዋን አድርጋ ነበር። «ምንም የለም» አለች። ኮርተን ነበር፤ አልደብቅም። የማን መሣሪያ እንደሠራን ግን ሁላችንም ስለምናውቅ ማናችንም አላወራንም።

ክረምቱ እንዳለፈ ከአንኮበር በላይ ባለው የገደል ጫፍ ላይ ነፋስ እንጨት ጣለ። እኛ ለሌላ ሥራ ሄደን ስለነበር የአካባቢው ገበሬ ማኅበር በዘመቻ አዲስ ባሕር ዛፍ ቆርጦ አቆመው፤ ሽቦውንም መልሰው ሰቀሉት። ስልኩ ይሠራል ተባለ። የሚሠራን ነገር ማን ሄዶ ያያል?

ከዚያ አንድ የአልዩ አምባ ገበያ ቀን መጣ።

በዋዜማው አቶ ሰይድ የሚባሉ የአልዩ አምባ ነጋዴ አዲስ አበባ ለመደወል ጎረቤላ ወጥተው ነበር። በርበሬያቸውን የጫኑበት መኪና መድረሱን ሊጠይቁ ነው። እቴነሽ አገናኝታቸው እስኪነሣ ሲጠብቁ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ያለ ድምፅ ሰሙ። ነገ ገበያው ሲሞላ በሦስት በኩል ይዘጋ፣ ወጣቱ ይታፈስ የሚል ትእዛዝ ነበር። ሰውየው ስልኩን አስቀምጠው ወደ እቴነሽ መጡ።

«እቴነሽ፣ አላህ ይጠብቅሽ፣ ይህ ስልክሽ የሚያወራው ሌላ ነው» ብለው የሰሙትን ነገሯት። ከዚያ በቅሏቸው ላይ ወጥተው ቁልቁለቱን ወረዱ።

በማግሥቱ ወታደሮቹ ገበያውን ሲከቡ ያገኙት ሽማግሌና ሴት ብቻ ነበር። ወጣቱ ቆላውን ይዞ ጠፍቷል። ሰይድ ቆላውን አስጠንቅቀዋል። እቴነሽም ለጎረቤቶቿ ተናግራለች፤ የጋሽ ደምሴ ሚስት አንዷ ነች። ታደለ የዚያን ቀን ገብስ ጭኖ ሊወርድ አህያውን አስነሥቶ ነበር፤ እናቱ ናት ከበር የመለሰችው።

በሦስተኛው ቀን የዚያ ቢሮ ኃላፊ ደብረ ብርሃን ጠራን። አልጮኸም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወንበር አስጠግቶልን ነው ያነጋገረን፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ።

«ጓድ ደምሴ፣ ትእዛዙን የሚያውቁት በስልኩ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላውን እንደራሴ አምነዋለሁ። በመካከል የተቀመጠችው ሴትዮ ናት። አዳምጣ ነው የነገረችው።»

«ጌታዬ፣ የእናንተ መስመር በእሷ ሰሌዳ አያልፍም። ልስማ ብትልም አትችልም» አለ ጋሽ ደምሴ።

«እንግዲያ እንዴት እንደተሰማ አሳየኝ። እስከ ሰኞ ጠብቃለሁ። ከዚያ እሷን ወስጄ ራሷን እጠይቃታለሁ።»

መጠየቅ ማለት ምን እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። እቴነሽ ሁለት ሕፃናት ነበሯት።

በማግሥቱ መስመሩን ተከትለን ወጣን። እያንዳንዱን እንጨት ከሥር እስከ ጫፍ እያየን፣ ሽቦው የሚታሰርባቸውን ሸክላ ስኒዎች እየቆጠርን፣ ዝገት ያለበትን መገናኛ እየነካን ሄድን። ከጫፉ ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ነበር፤ ጭላዳዎቹ አፋፉ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። አዲሱን ባሕር ዛፍ አገኘነው። ሽቦዎቹ አልተሻገሩም። ቀጥ ብለው፣ ተስተካክለው፣ ሲያዩዋቸው ደስ በሚል ሁኔታ ያልፋሉ።

ከማሳው አንድ ሽማግሌ ገበሬ መጥተው ሰላም አሉን። ደስ ብሏቸው ነበር።

«አያችሁት? እንጨቱ ሲወድቅ ሽቦው እንደ ፈትል ተጠላልፎ አገኘነው። እናንተን ማስቸገር አይገባም ብለን እኛው ፈተን አስተካክለን ሰቀልንላችሁ።»

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዜር ይስጥልን አባቴ» አላቸው። «ይህን ነገር ግን ለማንም እንዳይናገሩት።»

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ሄዱ። እኔ የመወጣጫ ብረቱን እግሬ ላይ አስሬ ስጨርስ ጋሽ ደምሴ እጁን ክንዴ ላይ አሳረፈ።

«ቆይ» አለኝ። «ጥላሁን፣ ይህ ስሕተት ነው ልጄን ያተረፈልኝ።»

«እንተወዋ!» አልኩት። «አላየንም እንበል። ምንም አላገኘንም እንበል።»

«እቴነሽንስ ምን እንበላት?»

ለሰውየው ካሳየነው እቴነሽ ትተርፋለች፤ ካየ በኋላ ግን ያስጠግነዋል፤ ከተጠገነ ደግሞ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ማንም አይሰማም። ሦስተኛ መንገድ ብንፈልግ ብንፈልግ አጣን። መስመሩን ጨርሶ ብንቆርጠው አሻጥር ነው፤ ያስረሽናል። ጋሽ ደምሴ ባናውን ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ብርድ ነው ብዬ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ግን ብርድ እንዳልነበረ ገባኝ። ከዚያ ተነሣና «ሰኞ ሰውየውን እናመጣዋለን» አለ።

ሰኞ ኃላፊው ጎረቤላ መጣ። እቴነሽ ከሰሌዳው ጎን ቆማ ነጠላዋን በእጇ ትጠመጥማለች። ጋሽ ደምሴ የሕዝቡን ስልክ ለሰውየው ሰጠውና ደብረ ብርሃን ያለው ምክትሉ በደባሉ መስመር ጋዜጣ እንዲያነብ አደረገ። ሰውየው ሲያዳምጥ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። የገዛ ምክትሉ ድምፅ ነው፤ ማንም ነጋዴ ሳንቲም ከፍሎ በሚያነሣው ስልክ ውስጥ።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?» አለ።

«ነፋስ ነው። እንጨት ጥሎ ሽቦውን አዛብቶታል» አለ ጋሽ ደምሴ። ያን ያህል ዓመት አብሬው ስሠራ ስለ ሥራው ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወጥተን ሽቦዎቹን አሻገርን። እንጨት ላይ የወጣው እሱ ራሱ ነው፤ ልውጣ ስለው እንቢ አለኝ። ሁለቴ ሳበ፤ አንደኛው ለእሱ፣ ሁለተኛው ለነፋሱ። ስንመለስ ሰውየው የሕዝቡን ስልክ ደግሞ አዳመጠ። ምክትሉ ያነባል፤ እዚህ ዝም ነው።

«ጥሩ ሥራ ነው ጓዶች» ብሎ እቴነሽን ዞር ብሎም ሳያያት ሄደ።

ጋሽ ደምሴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረውም። ታደለን ከገበያ ከለከለው። ቆላ ያሉ ዘመዶች ጋ ሊሰደው እናቱን ሲያግባባ ነበር፤ መኸሩ ይሰብሰብና ይሂድ አለችው። በየቀኑ ወደ አንኮበር መስመሩን ይፈትሻል፤ አንዳንዴ ያለ ምክንያት። እያፈርኩም ቢሆን አጥብቄ እመኝ ነበር፤ ነፋስ በመጣ፣ እንጨቱን ዳግም በጣለው እያልኩ።

የፈሩት ይደርሳል። አፈሳው በገበያ አልሆነም። በእሑድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ በጎረቤላ መንገድ ላይ ነው የሆነው።

እቴነሽ ደብረ ብርሃን ስትደውል እኔም አጠገቡ ነበርኩ። እሱ ያስተማራትን ሕግ አልረሳችም፤ የሰው ስም አልጠራችም።

«ጋሽ ደምሴ፣ መስመሩ ጥርት ብሏል። ማንም ምንም አልሰማም» አለችው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እሷ እስክትዘጋ ቆየ።

በሥራዬ ዘመን ብዙ መስመር ተበላሽቶብኛል፤ ዝናብ፣ መብረቅ፣ ሌባ። ውድቀቴ የትኛው ነበር ብባል ግን ያንን ነው የምጠራው። በሙያችን አንድ ጉድለት ያልተገኘበትን፣ ሁለቱ ጫፎቹ እኩል የሆኑትን፣ ዝም ያለውን። ሌላ ምን ማድረግ እንደነበረብን እስከ ዛሬ ባስበውም አላገኘሁትም። አለማግኘቴ አያሳርፈኝም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የተለመደው ፍተሻ ደረሰ። እኔ ጎረቤላ ሄድኩ፤ ጋሽ ደምሴ ደብረ ብርሃን ነበር። በደባሉ መስመር ላይ ነን፤ በወዲያኛው ቢሮ ማን እንደሚያዳምጥ አናውቅም።

«ጫጫ» አለ።

«ጫጫ፣ ተሰማ» አልኩ።

ደብረ ብርሃን፣ ጎረቤላ፣ አልዩ አምባ። ሁሉም ጥርት ብለው መጡ። አበቃ ብዬ ልዘጋ ስል ድምፁ እንደገና መጣ፤ እንደ ሌሎቹ ቀስ ብሎ፣ ፊደሉን እየለየ።

«ታደለ።»

በዚያ መስመር ላይ ያ ስም መጠራቱ ሁለታችንንም ሊያስወስደን ይችል ነበር። እሱ ግን ይጠብቃል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ታደለ፣ ተሰማ» አልኩት።

ዘጋው። ከዚያ በኋላ በየፍተሻው አምስተኛው ስም ያ ሆነ። ማንም አልጠየቀንም። መንግሥት ተለወጠ፣ የተበተነው ሠራዊት በመንገዱ አለፈ፤ ጋሽ ደምሴ ባናውን ለብሶ ጫጫ መንገድ ድረስ እየሄደ ፊት ያይ ነበር። ታደለ አልመጣም። ጋሽ ደምሴም አርፏል።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ ለሕይወት አልነገርኳትም። ደባል መስመር ሠርተናል ብቻ ነው ያልኳት። እሷም የሷ ታነል ንግግሩን እንደሚቆልፈው፣ መንገዱን ሙሉ ሰው ቢያዳምጥ አንድ ቃል እንደማይሰማ አስረዳችኝ። ስትናገር ኩራቷ ያስታውቃል። እኛም እንዲህ ነበርን።

«ተነሥቷል» አለች በመጨረሻ። «በድምፅ እንሞክረዋለን፤ አንኮበር ያለው ልጅ ዝግጁ ነው። አንተ ና ሞክረው፣ ባለሙያው።»

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። መጀመሪያ ዝምታውን አዳመጥኩ። ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ሰው የምናገረውን እየደገመ ተሰማ እንዲል ነገርኩት፤ ሳቅ ብሎ እሺ አለኝ።

ጫጫ አልኩ። ደብረ ብርሃን። ጎረቤላ። አልዩ አምባ። ሁሉንም መለሰልኝ።

«በቃ አባዬ?» አለች ሕይወት።

«አንድ ይቀራል» አልኳትና ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን እየለየሁ ተናገርኩ።

«ታደለ፣ ተሰማ» አለ ሰውየው ከአንኮበር።